ደብሪቱና የሚያጓራው ጎተራ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ወንበር ያጣ መሬት አለለት። እኔ አንዱን ጫፍ እይዛለሁ፣ እናንተ ከኋላዬ ትቀጥላላችሁ። መሐል ላይ ያንቀላፋ ሰው ካለ ከመጀመሪያው አስጀምረዋለሁ፤ ኋላ አልሰማሁም እንዳትሉ!

በአንዲት ትንሽ ከተማ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ነበረች። በሬዲዮ ጣቢያዋ ውስጥ ደብሪቱ የምትባል የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ጠዋት ከሁሉ ቀድማ በር ትከፍታለች፣ ወለሉን ትወለውላለች፣ ረፋዱ ላይ ደግሞ ሻይ ታዞራለች። ደብሪቱ አንድ ዐመል አላት፤ የማንንም የወረቀት ቅርጫት ሳታይ አትደፋም። ገለጥ ገለጥ አድርጋ ነው። እንዲህ እያለች የአንዱን መታወቂያ፣ የአንዷን ጉትቻ፣ አንድ ጊዜማ የሥራ አስኪያጇን መነጽር ከነቤቱ አውጥታለች። «እትዬ ደብሪቱ ደግሞ ቆሻሻ ያነባሉ» እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ማየቷን ግን አትተውም።

ታዲያ ደብሪቱ አንዲት ነገር ፈለገች። ትልቅ ነገር አይደለም፤ ሦስት ደቂቃ የማትሞላ ድምፅ። ባሏ ባንተይርጋ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር፤ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በሕይወት ሳለ «የሰፈር ሰው» በሚባለው ፕሮግራም እንግዳ ሆኖ እዚሁ ጣቢያ ቀርቦ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ «ልጄን ልመርቃት» አለና እዚያው ማይክራፎኑ ፊት ልጁን ማስተዋልን መረቃት። በሬዲዮ የተላለፈው ጨዋታው ብቻ ነው፤ ምርቃቱ ሰዓት አልበቃ ብሎ ተቆርጦ ቀረ። ደብሪቱ ግን የሻይ ትሪ ይዛ በር ላይ ቆማ በጆሮዋ ሰምታዋለች።

አሁን ማስተዋል እሑድ ልትዳር ነው። ዕለቱ ደግሞ ሐሙስ ነው። ልጅቷ «አባቴ ቢኖር ይመርቀኝ ነበር» እያለች ስትብሰከሰክ ሰነበተች፤ የእናት አንጀት አልችል አለ። «በይ ተይ፣ አባትሽ ራሱ ይመርቅሻል» ብላ ደብሪቱ ቃል ገባች። እንግዲህ ምን ይሻላል? ቃል ገብታለች፣ መፈለግ ነው!

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ባልዲዋን አስቀምጣ ወደ ስመኝ ሄደች። ስመኝ የድምፅ ማኅደር ጠባቂ ናት። የጣቢያው ድምፅ ሁሉ የሚከማችበት አንድ ትልቅ ኮምፒውተር አለ፤ ሁሉን የሚያጠራቅም ስለሆነ ሠራተኛው ሁሉ ጎተራው ይለዋል።

«ስመኝ እናቴ፣ የባንተይርጋን ድምፅ ፈልጊልኝ፤ ድምፁ ካልተገኘ ማስተዋል በአባቷ አፍ አትመረቅ!»

ስመኝ ስሙን ጻፈች። ጎተራው አሰበ፣ አሰበ፣ አሁንም አሰበ፤ ከዚያ ዘረገፈው። «ባንተይርጋ የመጨረሻ»፣ «ባንተይርጋ የመጨረሻ ትክክለኛው»፣ «ባንተይርጋ የመጨረሻ የመጨረሻ»፣ «ባንተይርጋ በቃ ይኸው ነው»። አንድ ሰው አርባ አንድ ሆኖ ወጣ!

«ይዩልኝ እስቲ እትዬ» አለች ስመኝ ራሷን ይዛ። «አንዱን ለመክፈት አንድ ሰዓት ይፈጃል። አርባ አንዱን ስሰማ እሑድ ራሱ ያልፋል። አልፈልግም! መጀመሪያ ቅጂው ይጥፋ። ቅጂውን የሚያባዛው አዝመራው ነው።»

ደብሪቱ ወደ አዝመራው ሄደች። አዝመራው «የሰፈር ሰው»ን የሚያዘጋጀው ጋዜጠኛ ነው፤ አንገቱ ላይ ሦስት ፍላሽ አንጠልጥሎ ነው የሚውለው።

«አዝመራው ወንድሜ፣ ቅጂህን አጥፋልኝ፤ ቅጂው ካልጠፋ ስመኝ ድምፁን አትፈልግ፣ ድምፁ ካልተገኘ ማስተዋል በአባቷ አፍ አትመረቅ!»

«አላጠፋም!» አለ አዝመራው። «እትዬ፣ ይዘኑልኝ እንጂ! ጠዋት ስገባ ጎተራው አይነቃነቅም። አንድ ዜና እስኪከፍትልኝ ሁለት ብርጭቆ ሻይ እጨርሳለሁ፤ የሚያመጡልኝ እርስዎ አይደሉ? ስለዚህ ፍላሼ ላይ እሠራለሁ። ማታ ስወጣ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ጎተራው ውስጥ እጨምረዋለሁ። የቀድሞውን ጠዋት ከፍቼ እንዳላስተካክል አይከፈት፤ ሌላ ስም ሰጥቼ እጨምራለሁ። ጎተራው ይፍጠን፣ ያኔ አጠፋለሁ። ጎተራው የይበልጣል ነው።»

ደብሪቱ ወደ ይበልጣል ሄደች። ይበልጣል የጣቢያው ቴክኒሽያን ነው። ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ሽቦ እየጎተተ ነበርና የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። እሷም ለእግሩ ነገረችው።

«ይበልጣል ልጄ፣ ጎተራውን አፍጥንልኝ፤ ጎተራው ካልፈጠነ አዝመራው ቅጂውን አያጠፋ፣ ቅጂው ካልጠፋ ስመኝ ድምፁን አትፈልግ፣ ድምፁ ካልተገኘ ማስተዋል በአባቷ አፍ አትመረቅ!»

«አላፈጥንም!» አለ እግሩ። «ኧረ እትዬ፣ ጎተራው እኮ ጢም ብሏል። አዲስ ዲስክ ካልተጨመረለት በምን አቅሙ ይፈጥናል? ዲስኩ ከነካርቶኑ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጧል። የማያወጡልኝ ጋሽ ደምለው ናቸው።»

ደብሪቱ ወደ ጋሽ ደምለው ሄደች። ጋሽ ደምለው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ከነቁልፋቸው በሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዝንብ እንኳ ሳትመዘገብ አታልፋቸውም።

«ጋሼ፣ ዲስኩን ያውጡልኝ፤ ዲስኩ ካልወጣ ይበልጣል ጎተራውን አያፈጥን፣ ጎተራው ካልፈጠነ አዝመራው ቅጂውን አያጠፋ፣ ቅጂው ካልጠፋ ስመኝ ድምፁን አትፈልግ፣ ድምፁ ካልተገኘ ማስተዋል በአባቷ አፍ አትመረቅ!»

«አላወጣም!» አሉ ጋሽ ደምለው። «በሥራ ዘመኔ ሙሉ አንዲት ብሎን ያለ ፊርማ በዚህ በር አልወጣችም። ዛሬ ለማስተዋል ብዬ ልጀምር? ልጅቷን እወዳታለሁ፤ ሠርጓ ላይም መጥቼ እጨፍራለሁ። ወይዘሮ ትርንጎ ይፈርሙ፣ ያኔ አወጣለሁ።»

ያንቀላፋ አለ? የለም? ጎበዞች! እንቀጥል።

ደብሪቱ የሥራ አስኪያጇን በር አንኳኳች። ወይዘሮ ትርንጎ እስክሪብቶ በእጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ደብሪቱ እስክሪብቶውን ስታይ ልቧ ሞቅ አለ። ሽርጧን አስተካክላ፣ አየር ስባ ጀመረች።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ ይፈርሙልኝ፤ እርስዎ ካልፈረሙ ጋሽ ደምለው ዲስኩን አያወጡ፣ ዲስኩ ካልወጣ ይበልጣል ጎተራውን አያፈጥን፣ ጎተራው ካልፈጠነ አዝመራው ቅጂውን አያጠፋ፣ ቅጂው ካልጠፋ ስመኝ ድምፁን አትፈልግ፣ ድምፁ ካልተገኘ ማስተዋል በአባቷ አፍ አትመረቅ!»

«አልፈርምም!» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። «ደብሪቱ፣ አንቺን ጠልቼ እንዳይመስልሽ። ዓምና ለአንድ ዲስክ ፈረምኩ፤ ሦስት ወር ሳይቆይ ሞላ። ምን እንደሞላው የሚነግረኝ ሰው ግን የለም። ጎተራው ውስጥ ያለው ነገር ተዘርዝሮ ይምጣልኝ፣ አይቼ እፈርማለሁ። ዝርዝሩን ማኅደር ክፍል ይጻፈው።»

ማኅደር ክፍል ማን ነው? ስመኝ ናት! ደብሪቱ ኮሪደሩን መልሳ ለካችው። ጠዋት ሳትጨርሰው የተወችው ወለልም ይጠብቃታል። የስመኝ በር ላይ ደርሳ ተንፈስ አለች።

«ስመኝ እናቴ፣ ዝርዝሩን ጻፊልኝ፤ ዝርዝሩ ካልተጻፈ ወይዘሮ ትርንጎ አይፈርሙ፣ እሳቸው ካልፈረሙ ጋሽ ደምለው ዲስኩን አያወጡ፣ ዲስኩ ካልወጣ ይበልጣል ጎተራውን አያፈጥን፣ ጎተራው ካልፈጠነ አዝመራው ቅጂውን አያጠፋ፣ ቅጂው ካልጠፋ ስመኝ ድምፁን...»

እዚህ ላይ ደብሪቱ ቀጥ አለች።

«ስመኝ?» አለች ስመኝ።

«አንቺ!»

«ዝርዝሩን የምጽፈውስ?»

«አንቺ!»

«ቅጂው ሳይጠፋ እኮ ዝርዝር አልጽፍም፤ አርባ አንድ ባንተይርጋ ልዘርዝር? እንዲህማ ከሆነ እኔን የያዝኩት እኔው ነኛ!»

«ኧረ አንቺ ብቻ አይደለሽም» አለች ደብሪቱ። «ሁላችሁም እርስ በርስ ተያይዛችኋል። እኔ ደግሞ መሐል ገብቼ እሽከረከርላችኋለሁ። ወይ ጉዴ!»

ብትናደድ ማን ይፈርድባታል? ግን ሰዓቱ አምስት ሆኗል፣ ሻይ ማዞሪያዋ ደርሷል። ወደ ሻይ ክፍሏ ገብታ ትልቁን ክብ ትሪ አወረደች። አምስት ብርጭቆ በትሪው ዙሪያ ደረደረች። ይኼ ስመኝ፣ ይኼ አዝመራው፣ ይኼ ይበልጣል፣ ይኼ ጋሽ ደምለው፣ ይኼ ወይዘሮ ትርንጎ። በጣቷ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደች፤ ጣቷ ዞሮ ዞሮ ከተነሳበት ብርጭቆ ላይ አረፈ። ደግማ ዞረች። ያው ነው።

እኔ ብሆን አንዱን ብርጭቆ አንስቼ ግድግዳ ላይ እለጥፈው ነበር። ደብሪቱ ግን ዝም ብላ አየችው። ዓምና ዲስክ ተጨመረ፤ ሞላ። ዘንድሮም ቢጨመር አዝመራው ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ ይሞላል። አዝመራውም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ጠዋት ጎተራው አልከፍትም ስለሚለው ነው። ጎተራውስ ጠዋት ምን ይሆናል? ማታ እኮ የሰጠውን ይቀበለዋል! ጠዋት ብቻ ምን ነካው?

ይህን ስትል አንድ ነገር ብልጭ አለላት። ትሪውን ይዛ ኮሪደር ላይ ወጣችና ጮክ ብላ ሁሉንም ጠራቻቸው። ለሻይ የማይመጣ የለም፤ መጡ፣ ዙሪያዋን ከበው ቆሙ።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለች። «ጥፋቱ የማን ነው አላልኩም፤ የማንም ይሁን። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ስገባ ጎተራው ዝም ያለ ነው። አጠገቡ ስወለውል ድምፁ እንኳ አይሰማም። ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን መብራቱ ይንጨባረቃል፣ ከዚያ እንደ ወፍጮ ማጓራት ይጀምራል። በዚያን ሰዓት እኮ እናንተ አንዳችሁም አልገባችሁም። እንግዲያው ለማን ነው የሚሠራው?»

ጎተራውን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ያየው ሰው ከደብሪቱ በቀር የለም።

«ሊሆን አይችልም» አለ ይበልጣል። «ለጥንቃቄ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ማሽን እንዲገለብጥ አዝዤዋለሁ፤ እሱም ቢሆን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው፣ ማንም ሳይኖር። ስምንት ብዬ የሞላሁት ራሴ ነኝ፤ ጎተራው የመጣ ዕለት...»

አላስጨረሰውም፤ የራሱ አፍ ያዘው። ብርጭቆውን ትሪው ላይ መልሶ ሮጠ። ሁሉም ተከትለውት ሮጡ፤ ጋሽ ደምለው እንኳ የግምጃ ቤቱን በር ሳይቆልፉ! ይበልጣል ከፈተና አየ። ስምንት ይላል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለት ነው እንጂ ሌሊት አይደለም።

«እኔ የሞላሁት የኛን ስምንት ነው» አለ ፊቱ ቲማቲም መስሎ። «እሱ የሚቆጥረው የፈረንጅን ነው። የኛ ሌሊት ስምንት ለሱ ሁለት ነው። አፈር ልብላ!»

«ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት አልታወቀም?» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

«ድሮ ጎተራው ባዶ ነበራ! ሰው ሰላምታ ተለዋውጦ ሳይጨርስ ገልብጦ ይጨርሳል። ጎተራው በሞላ ቁጥር መገልበጡ ረዘመ፤ አሁን እስከ ምሳ ይቆያል።»

«መገልበጡ ሲረዝም ጠዋት ይዘገያል» አለች ስመኝ።

«ሲዘገይ እኔ ቅጂ እጨምራለሁ» አለ አዝመራው ፍላሾቹን እያሻሸ።

«ቅጂ ሲጨመር መገልበጡ ይረዝማል» አለች ደብሪቱ። «በሉ እንግዲህ፣ ማን ምን ይጠብቃል? ያቺን ቁጥር ንቀላት!»

ይበልጣል ስምንትን ነቀለ፣ ሁለትን ተከለ። የጀመረውንም መገልበጥ አስቆመ። ጎተራው አንድ ጊዜ አቃሰተና ዝም አለ። እሰይ! ከዚያ በኋላ የሆነውን በአንድ ትንፋሽ ነው የምነግራችሁ። ቁጥሩ ቢቀየር ጎተራው ፈጠነ፣ ጎተራው ቢፈጥን አዝመራው ፍላሹን ከአንገቱ አወለቀ፣ አዝመራው ፍላሹን ቢያወልቅ ቅጂው ለመጥፋት ተሰለፈ፣ ቅጂው ቢሰለፍ ስመኝ ዝርዝሩን ጻፈች፣ ዝርዝሩ ቢጻፍ ወይዘሮ ትርንጎ «ዲስክ አያስፈልግም» ብለው እስክሪብቶአቸውን ከደኑ፣ እስክሪብቶው ቢከደን ጋሽ ደምለው ዲስኩን ሳያወጡ በደስታ በራቸውን ቆለፉ!

ቀረችን ማስተዋል። ስመኝ አርባ አንዱን ባንተይርጋ አንድ በአንድ ከፈተች፤ አሁን ቶሎ ቶሎ ይከፈታል። ሁሉም ጨዋታው ካለቀ በኋላ ቀጥ ይላሉ። የመጨረሻውም፣ ትክክለኛውም፣ በቃ ይኸው ነውም። ምርቃቱ አንዱም ላይ የለም። የደብሪቱ ልብ ስንጥቅ አለ። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

አዝመራው እጁን ሥራ ለማስያዝ ማጥፋቱን ሊጀምር ሆነ። «በዚህኛው ልጀምር፤ ይኼማ ምንም አያጠያይቅም» ብሎ «የሚጣል» የሚል ፎልደር ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«እጅህን አንሳ!» አለች ደብሪቱ ከተቀመጠችበት።

«እትዬ፣ ስሙ ራሱ እኮ የሚጣል ነው።»

«የወይዘሮ ትርንጎም መነጽር ቅርጫት ውስጥ ነበር። ሳይታይ አይደፋም!»

ወይዘሮ ትርንጎ መነጽራቸውን ነካ አድርገው «ክፈተው» አሉ። አዝመራው ከፈተው። እውስጡ ስም እንኳ ያልተሰጣቸው ቁርጥራጮች ተከምረዋል። ስመኝ አንዱን ነካች፤ ሳል ነው። ሌላውን ነካች፤ የበር ድምፅ ነው። ሦስተኛውን ስትነካ ባንተይርጋ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ ማስተዋል» አለ። «መንገድሽ ይቅና። የጀመርሽውን ለመጨረስ ያብቃሽ። የገባሽበት ቤት ይሙቅልሽ፣ ወልደሽ ሳሚ፣ ከክፉ አፍ ይሰውርሽ። የሕይወትሽ ጎማ አይተንፍስ፤ ቢተነፍስም የሚነፋልሽ ሰው አይጥፋ።»

«አሜን!» አሉ ሁሉም፣ ሠርጉ እዚያው የሆነ ይመስል። ደብሪቱ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ድምፁ ግን አላበቃም። ብርጭቆ ኳ ሲል ተሰማ፣ በር ሲዘጋ ተሰማ።

«ወጣች?» አለ ባንተይርጋ።

«እትዬ ደብሪቱ? ወጡ ጋሼ» አለ የዚያን ጊዜው አዝመራው።

«እንግዲያው አንዲት ልጨምር። ልጄን መረቅኋት፤ እናቷንስ ማን መረቃት? ሰው ሁሉ የሚረግጠውን ስትወለውል ነው የኖረችው። ደብሪቱ፣ የለፋሽው ሁሉ አንድ ቀን ዞሮ ይግባልሽ። በል አሁን ይህቺን ቁረጣት፤ ከሰማችማ ዕድሜ ልኳን ነው የምትስቅብኝ።»

አዝመራው አንገቱን ደፋ። «ቁረጥ ስላሉኝ ቆርጬ ነበር» አለ። «ከዚያ ረሳሁት።»

ደብሪቱ ሳቀች። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ከልቧ ሳቀች፤ «ይኸው ሳቅሁብህ፣ ባንቴ» አለች። ወይዘሮ ትርንጎ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ጋሽ ደምለው ቁልፋቸውን የሚፈልጉ መስለው ፊታቸውን አዞሩ።

እሑድ ዳሱ ውስጥ ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲጨርሱ ይበልጣል ድምፅ ማጉያውን ከፈተ። ባንተይርጋ ጉሮሮውን ሲጠርግ ማስተዋል ገና ቃል ሳይወጣው ዐወቀችው። ስለ ጎማው ሲነሳ ዳሱ በሳቅ ፈረሰ፤ ከዚያ «አሜን» ሲባል ጎረቤት ሰፈር ድረስ ተሰማ። ጋሽ ደምለውም እንዳሉት ጨፈሩ።

ከብርጭቆው ድምፅ በኋላ ያለችው ምርቃት ግን እዚያ አልተሰማችም። ሐሙስ ዕለት ስመኝ ያችን ብቻ ለይታ «እትዬ፣ ይህቺን በምን ስም ላስቀምጣት?» ብላ ጠይቃ ነበር።

«የማይጣል በያት» አለች ደብሪቱ ወልወያዋን አንስታ። «አንድ ቅጂ ይበቃታል።»

እኔም ጫፉን እዚህ ላይ ለቀቅሁ፤ ያላንቀላፋ ወንበሩን መልሶ ይሂድ።